ሽማግሌውን ከሥዕሉ አትቁረጧቸው



ባለፈው ጊዜ በዚህችው በእጅ ገልብጠን በምናዞራት ጽሑፋችን ላይ፥ በመማሪያው ዳስ ስለ ተሰቀለው የአያትና የልጅ ልጅ ሥዕል አንድ ሂስ አስነብበናችሁ ነበር። ሂሱን ያወጣነው ተስማምተንበት አይደለም። የማንስማማበትን ሐሳብ ማፈን ከአገር ያስወጣን በሽታ ስለ ሆነ እዚህም ይዘነው እንዳንመጣ ብለን ነው። ነገሩ በወረቀት ላይ ቢቀር ኖሮ ምናልባት በዝምታ እናልፈው ነበር። አሁን ግን ሂሱ መቀስ ይዞ ለሚመጣ ሰው ምቹ ሰበብ ሆኗልና እኛም ብዕራችንን አንሥተናል።

ሥዕሉን ያላየ በካምፑ የለም ማለት ይቻላል፤ ውሃ ቀጂው ሁሉ በፊቱ ያልፋል። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው በተደፋ ጄሪካን ላይ ተቀምጠዋል። የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከጋቢው ሥር ራሱን ብቻ አውጥቶ ሽቅብ ያያቸዋል። ይኸው ነው። ባንዲራ የለበትም፤ የተነሣ ቡጢ የለበትም፤ ከበስተ ኋላ የምትወጣ ፀሐይም የለችበትም። የሽማግሌው ግራ ዓይን ሞራ ለብሷል፤ ሠዓሊውም ሞራውን አልደበቀውም። የእጃቸው ደም ሥር፥ የተሰነጠቀ አውራ ጣታቸው፥ ልጁ ጉንጭ ላይ የደረቀው እንባ ሁሉ እንዳለ አለ።

የተሣለው በሸራ ላይ ነው። ይህን ስንል የከተማ ሰው ሌላ ነገር እንዳይመስለው። ሠዓሊ «ሸራ» ሲል በእንጨት የተወጠረ ጨርቅ ማለቱ ነው፤ እኛ «ሸራ» ስንል ጣሪያችንን ማለታችን ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠርቶ ተቀምጧል። ወጣቱ ሠዓሊያችንም ቃሉን አምኖ፥ ነፋስ የቀደደውን የድንኳን ሸራ ለምኖ ወጠረው። ጥቁሩ የድስት ጥቀርሻ ነው፤ ቀዩ በዘይት የተለወሰ የዚሁ የሞያሌ አፈር ነው፤ ነጩ የመጸዳጃ ቤቱ በር ሲቀባ የተረፈ ቀለም ነው።

ሐያሲው ወንድማችን ምን አሉ? በመጀመሪያ «እያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ካሜራ ባለበት ዘመን ፊትን እንዳለ መቅዳት የእጅ ሥራ እንጂ ጥበብ አይደለም» አሉ። እንግዲህ ከዚህ እንጀምር።

የፍሎረንሱ ሠዓሊ ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ በ1490 እ.ኤ.አ. ገደማ አንድ ሽማግሌና አንድ ሕፃን በእንጨት ገበታ ላይ ሣለ። ሥዕሉ ትልቅ አይደለም፤ ቁመቱ 62፥ ወርዱ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። ሽማግሌው ቀይ ልብስ ለብሰዋል፤ አፍንጫቸው በበሽታ አባብጦ እንደ ጎመራ እንጆሪ ተቋጥሯል፤ ግንባራቸው ላይም ኪንታሮት አለ። ልጁ ግን ይህን ሁሉ አላየም። ትንሽ እጁን ደረታቸው ላይ አሳርፎ ዓይን ዓይናቸውን ያያል። ስማቸውን ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አሁን ሐያሲው ወንድማችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር እዚህ ላይ ነው። ስቶክሆልም በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዘክር ውስጥ የእኚሁ ሽማግሌ ሌላ ሥዕል አለ፤ በእርሳስ መሰል ነገር የተነደፈ፥ ዓይናቸው የተከደነ። ሊቃውንቱ ከሞቱ በኋላ የተነደፈ ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ጊርላንዳዮ የሞተ ሰው ፊት ይዞ ገበታው ፊት ተቀመጠ፤ የተከደነውን ዓይን ከፈተ፤ ከፍቶም ቁልቁል ወደ ልጁ መለሰው። ይህ መቅዳት ነውን? ካሜራስ ይህን ያደርጋልን? ካሜራ የተከደነውን ዓይን እንደ ተከደነ ይዞ ይቀራል። እውነታዊ ሠዓሊ ግን አፍንጫውን ሳያስተካክል፥ ኪንታሮቱን ሳይነቅል፥ ሞትን ብቻ ለይቶ ያወጣዋል። የእኛም ወጣት ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ የሣለ እንዳይመስላችሁ። ያንን ልጅ አንድ ደቂቃ ማስቀመጥ የቻለ ሰው ካለ ይንገረንና ለመምህርነት እንቅጠረው። ሽማግሌውን ከሰዓት በኋላ በጥላው ጊዜ፥ ልጁን ደግሞ እየሮጠ ባለፈ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ለቀመው። ሁለቱን ከአንድ ጋቢ ሥር ያስገባቸው ግን እርሱ ራሱ ነው።

ሁለተኛው ክስ ከበድ ይላል፤ በቀልድ ልናልፈው አንፈልግም። «እውነታዊ አሳሳል ያሳደዱን ሰዎች ጥበብ ነው» ይላሉ ወንድማችን። በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ ምን እንደምትመስል ዕድሜያቸው የደረሰ ሁሉ ያስታውሳሉ። በአብዮት አደባባይ የማርክስ፥ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስል ቆሞ ነበር፤ በየመንገዱ ጡንቻው የፈረጠመ ገበሬ ነዶ ታቅፎ ይስቅ ነበር። በዚያው ወራት ወሎና ትግራይ ውስጥ ሕዝቡ በረሃብ ይረግፍ ነበር። እንግዲህ እኛ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያ የሚስቅ ገበሬ እውነታዊ ነበርን? ፊት ስላለው፥ ሁለት ዓይንና አንድ አፍንጫ ስላለው ብቻ እውነት ሆነ? በእኛ ግምት ከዚያ ሁሉ ሰሌዳ ላይ አንድ ሞራ የለበሰ ዓይን፥ አንድ የተሰነጠቀ ተረከዝ ማግኘት አይቻልም ነበር። ያ ውሸት ነው፤ የእውነትን ልብስ የሰረቀ ውሸት። ሌባው ልብሳችንን ለብሶ ታየ ተብሎ እኛ ራቁታችንን እንድንሄድ አይፈረድብንም።

ደግሞስ በአገራችን እውነታዊ ሥዕል ሁልጊዜ ለባለ ሥልጣን አጎንብሷል ያለ ማን ነው? እሸቱ ጥሩነህ በ1974 እ.ኤ.አ. የረሃብ ሰለባዎችን የሣለበት ሥራ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አለ። የወሎው ረሃብ ተደብቆ የቆየ ነበር። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 እ.ኤ.አ. የቀረጸው ፊልም በውጭ አገር ታይቶ ዓለም ሲደነግጥ፥ የእኛ ሕዝብ በቴሌቪዥን እንዲያየው የተደረገው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው፤ እርሱም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተፈራረቀ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው። ፊልሙ እውነት ነበረ፤ የታየበት ምክንያት ግን ሥልጣን ነበረ። የእሸቱን ሥዕል ያዘዘ ኮሚቴ ግን አልነበረም ብለን እናምናለን። ስለዚህ እውነታዊነትን የምንመዝነው ማን ተጠቀመበት በሚለው ሳይሆን ምን ደበቀ በሚለው ይሁን።

ወንድማችን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ጠቅሰው «እርሱ የፊት መቅዳትን ሰንሰለት በጠሰልን፤ እናንተ መልሳችሁ ታስሩናላችሁ» ብለዋል። በገብረ ክርስቶስ ስም ማንም አይምልብን፤ እርሱ የእኛም ነው። ሐረር ተወልዶ፥ ኮሎኝ ተምሮ፥ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ የተነሣበትን ክርክር እናውቃለን። ያን ጊዜ «ይህ የፈረንጅ ነው» እያሉ የጮሁበት ሰዎች ተሳስተው ነበር። ዛሬ ደግሞ ሐያሲያችን ያንኑ ዱላ በሌላው ጫፉ ይዘው የሽማግሌ ፊት በሣለ ልጅ ላይ ያነሣሉ። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም እውነታዊ ሠዓሊ ነበሩ፤ ገብረ ክርስቶስም በዚያው ትምህርት ቤት አስተማረ፤ እስክንድር ቦጎሲያንም አስተማረ። ሦስቱ በአሳሳል አይገናኙም። ጣሪያው ግን አንድ ነበረ፤ ማንም የማንንም ሸራ ሲቀድ አልሰማንም። ገብረ ክርስቶስ በጎልጎታው እንኳ የተሰቀለውን ሰው አልተወውም። እርሱ ራሱስ የት ሞተ? በ1981 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ውስጥ፥ ተሰድዶ። የስደተኛ ሥዕል ምን መምሰል አለበት የሚለውን ጥያቄ በእርሱ ስም ለመዝጋት የሚሞክር ሰው ይህንን ይዞ ይሙከት።

አሁን ወደ መቀሱ እንምጣ።

ሐያሲው ወንድማችን በመጨረሻ «ሥዕሉ ለማኝ ያስመስለናል» ብለው ነበር የዘጉት። ጽሑፋችን እጅ ለእጅ በዞረች በሳምንቱ አንድ ድርጅት እንግዶች ይዞ መጣ። ስሙን አንጠራም፤ የበደለን ሆን ብሎ አይመስለንምና። እንግዶቹ ሥዕሉ ፊት ቆመው ቆዩ፤ አደነቁ። ከዚያም በስልካቸው አነሡትና በወዲያው ማግስት ጥያቄ መጣ፤ ሥዕሉን በቀን መቁጠሪያ ላይ ማሳተም ይፈልጋሉ። እሰይ! አልን። ጥያቄው ግን ጭራ ነበረው። የሚፈለገው ልጁ ብቻ ነው። ሽማግሌው «የተመልካችን ዓይን ይሻማሉ» ተባለ። በለውጡ ለሠዓሊው እውነተኛ ቀለምና ብሩሽ፥ ለመማሪያው ዳስ ደግሞ ደብተር ይመጣል። ከኮሚቴያችንም ወገን ሁለት ሦስት ሰዎች «ምናለበት? ሐያሲውስ ቢሆን ሥዕሉ አሮጌ ነው ብሎ የለ!» ብለው ተስማሙ። እንዲያውም አንዱ «ሸራውንም ከመካከል ብንቆርጠውና ልጁን ብቻ በክብር ብንሰቅለው ቦታ ይተርፈናል» አሉ።

እነሆ የሁለቱን ወገን ጋብቻ ተመልከቱ። አንዱ ወገን ሽማግሌው ኋላ ቀር ናቸውና ይውጡ ይላል፤ ሌላው ሽማግሌው ገንዘብ አያመጡምና ይውጡ ይላል። በር ላይ ተገናኝተው ተጨባብጠዋል።

ልጁን ብቻ የሚፈልገውን ዓይን እናውቀዋለን፤ አዲስ አይደለም። የናይሮቢው ተወላጅ ካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ረሃብ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ የ10ኛው ዓመት በዓል ካለፈ ስድስት ሳምንት ገደማ ነበር። ያ ፊልም ለስንቱ ሕይወት እንደ ተረፈ አንክድም፤ መሐመድ አሚን ራሱ በ1996 እ.ኤ.አ. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ፤ ለሰውየው አክብሮታችን ሙሉ ነው። የምንጣላው ከእርሱ በኋላ ከመጣው ፖስተር ጋር ነው። ፖስተሩ ላይ ያለው ልጅ ሁልጊዜ ብቻውን ነው። አባት የለው፥ አያት የለው፥ ጎረቤት የለው፤ ከምድር እንደ በቀለ ዓይን ብቻ ሆኖ ያያል። የሚያየው ሰው «ይህ ልጅ የማንም አይደለምና የእኔ ይሁን» ይላል፤ እጁም ወደ ኪሱ ይሄዳል። ልጁ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ከተቀመጡ ግን ሒሳቡ ይበላሻል። ለምን? ሽማግሌው ይጠይቃሉና። «አንተስ የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?» ይላሉ። ለማኝ የሚያስመስለን ሥዕል የትኛው እንደ ሆነ ሐያሲው ወንድማችን አሁን ይፍረዱ።

እስቲ ደግሞ ወደ ራሳችን ቅጽ እንመለስ። እዚህ ስንመዘገብ ምን ተጠየቅን? ስም፥ የአባት ስም፥ የአያት ስም። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ ከሦስት ትውልድ የተገጣጠመ ስም ነው ያለው። ቅጹን የሚሞላው ሠራተኛ ሦስተኛውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዘዋል። ስለዚህ በራሽን ሰልፍ ላይ የሚጠሩን በአያታችን ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስንቶቻችን ሳንሰማ ተራችን አለፈን! ተጠርተን ሳለ ቆመን የምናይ፥ የሞተ ሰው የተጠራ እየመሰለን። ካርዳችን ላይ፥ ከጣት አሻራው አጠገብ፥ አያት ተቀምጠዋል። እኒህን ሰው ከሥዕል መቁረጥ ቀላል ነው፤ ከካርዱ ላይ ግን ሞክሩ! ዱቄት አታገኙም።

«የትውልድ ቆጠራ የፊውዳል ርዝራዥ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ድሮም ሰምተነዋል። ይሁንና ደጋ ያለው ገበሬ ልጁን ሲድር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ርስት ስላለው ብቻ አይደለም። እዚህ በዙሪያችን ያለው የቦረና ሽማግሌም የአባቶቹን ስም ወደ ኋላ ሲያወርድ መሬት አይለካም። ሰውየው ማን እንደ ሆነ ነው የሚነግራችሁ። ልጆቻችን በዚህች ከተማ አያትን በስንት ቋንቋ እንደሚጠሩ ታውቃላችሁ። ለአሮጊቷ በኦሮምኛ አኮ ይላሉ፤ በስዋሂሊ ሽማግሌው ባቡ፥ አሮጊቷ ኛኛ ናቸው። (ኛኛ በኬንያ ቲማቲምም ነው፤ አንዷ ሕፃን «ኛኛ ግዢ» ተብላ ተልካ ገበያ ላይ ያለቀሰችውን የሰማ ሁሉ ሲስቅ ሰንብቷል።) ሕፃናቱ ይህን ሁሉ ቃል ይዘው የሚጠሩት ሰው በግድግዳው ላይ ቢያጡ ምን ልንላቸው ነው?

በሥዕሉ ላይ ያልተሣለ አንድ ሰው አለ። የልጁ አባት ነው። በሽማግሌውና በልጁ መካከል መኖር ይገባው ነበር። ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ በዚሁ በሞያሌ መንገድ ካለፈ ቆይቷል፤ ድምፁ ከተሰማም ቆይቷል። ሞያሌ ይህን መንገድ ታውቀዋለች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሺህ ሰው በዚህ ተሻግሮ ዋልዳ ሰፈረ፤ ዋልዳ ተዘግቶ ሰዉ ወደ ካኩማ ተጫነ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት ሲገደሉ ደግሞ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወዲህ ሸሸ። በየጊዜው መካከለኛው ትውልድ ያልፋል፤ ሽማግሌና ሕፃን ይቀራሉ። ሠዓሊው ይህን በአንድ ጋቢ አሳየን። ጋቢው በሁለቱ መካከል ባለው ቦታ ላይ እንዴት እንደ ጎበጠ ልብ ብላችሁ አይታችኋልን? አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ ነው። ልጁን ቆርጣችሁ ብታወጡት ያ ክፍት ቦታ አብሮ ይጠፋል፤ አባትየው ለሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል ማለት ነው።

ሠዓሊው ራሱ ምን አለ ለምትሉ፤ ቀለሙን ፈልጎት ነበር። ይህን አንደብቅም፤ ማን አይፈልግም? ጥቀርሻ እየፋቀ መኖርን ማንም አልመረጠም። ሦስት ቀን ዝም ብሎ ቆየ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ዘንድ ሄዶ «አባባ፥ ልጁን ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ምን ልበላቸው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ነገሩን እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ «ልጄ፥ እኔ ከወጣሁ እርሱ ወዴት ሊያይ ነው?» አሉ። እውነት ነው፤ ልጁ ሽቅብ ነው የሚያየው። ሽማግሌው ከተቆረጡ በባዶ ሰማይ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቀራል፤ ያንን ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ተመልካች ወደ እርሱ ያየ ይመስለዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ በዳሱ ስብሰባ አለ። ለእንግዶቹ የሚሰጠው መልስ ሥዕሉ እንዳለ ይታተም ወይም አይታተም የሚል እንዲሆን፥ መሐል የለሽ እንዲሆን እንሻለን። እንዳለ ከታተመ ቀለሙንም ደብተሩንም በደስታ እንቀበላለን፤ ኩራት ብለን ልጆቻችንን ያለ ደብተር አናስቀርም። ሸራውን እንቁረጥ ያሉት የኮሚቴ አባል ደግሞ ሐሳባቸውን በሕዝብ ፊት ደግመው ይበሉት፤ በጓዳ የተባለ ነገር በአደባባይ ሲባል እንዴት እንደሚሰማ እንስማው። ሐያሲው ወንድማችንም ይምጡ። መልስ ካላቸው ለሚቀጥለው እትም አንድ ሙሉ ገጽ በእጃችን ገልብጠን እናወጣላቸዋለን፤ አንዲት ቃል አንቀንስም።

ስለ አንድ ነገር ግን ሽማግሌው ሠዓሊውን ወቅሰውታል፤ ዓይኔን ለምን እንዲህ አደረግህ አላሉም። «ጫማዬን ረሳኸው» ነው ያሉት። እውነትም ሥዕሉ ላይ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ሠዓሊው የእግራቸውን ስንጥቅ ለማሳየት ብሎ አውልቆባቸዋል። ይህ የሠዓሊው ጥፋት ነው፤ ሽማግሌው አገር አቋርጠው የመጡት በጫማቸው ነውና ይመለስላቸው ብለን ወስነናል። ጫማው ኮንጎ ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ከጥቀርሻና ከአፈር ሰማያዊ አይወጣም። ከቤት በር፥ ከጋሪ፥ ከየትም የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ያላችሁ፥ የአንድ ሲኒ ያህል ብቻ፥ እስከ ቅዳሜ ማታ ለዳሱ ዘበኛ ስጡልን።